ጭንቅማ የወላድ ነው

ሮብ ጠዋት፣ ኔቲቮት፣ ደወል እንደደወለ፣
ሦስተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ጎደለ።
መምህርቷ አልደነገጠችም፣ ስልክም አላነሳች፤
«አቪኤል ወርዷል» አለች፤ ትምህርቷን ቀጠለች።

የወረደበትን የማያውቅ የለም፤
ከኳስ ሜዳው ማዶ፣ አረንጓዴ ቀለም
የተቀባ የብረት በር፣ ሚክላት የሚሉት፣
ያ ጩኸት ሲነሳ ሁሉ የሚታጎርበት።

ዛሬ ግን ጩኸት የለም። ሰማዩም ታጥቧል፤
በየበረንዳው ላይ አንሶላ ተዘርግቷል።
እሱ ከሲሚንቶው ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል፣
ሠላሳ ላይ ሲደርስ ከአንድ ይጀምራል።

መቁጠር ያስተማርነው እኛው ነን፣
«ሠላሳ ሳትደርስ እዚያ መድረስ አለብህ» ብለን።
ደርሷል፤
መድረሱን ግን የነገረው የለም።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ። በዕብራይስጥ የሥራዬ ስም
ከ«ድልድይ» የወጣ ነው።
ድልድይ ይረገጣል እንጂ አይጠየቅም።

ከወዲህ ኦርና፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣
ብዕሯ የማይደክም፣ ደግ፣ ጥንቁቅ ተናጋሪ፤
ከወዲያ አቶ ቢያድግልኝ፣ የአቪኤል አባት፣
ፋብሪካ በር ላይ በጥበቃ ያደረ፣ ዓይኑ የቀላበት፣
ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ እጁን የጫነበት።

በቀስታ «ሐራዳ» አለች።
ቃሏ ትንሽ ናት፣ ከሻይ ማንኪያ አትበልጥም፤
የምገለብጥበት ዕቃ ግን አላገኘሁም።
«ፍርሃት» ብል፣ ወንድ ልጅ አባቱ ፊት ፈሪ አይባልም፤
«በሽታ» ብል፣ ክኒኑ የታለ ይለኛል፤ እኔ ዘንድ የለም፤
«አእምሮው» ብል፣ «አብዷል» ሆኖ ሰፈር ይቀድመኛል፣ አውቶቡሴ ሳይቆም።

«ጭንቀት ነው» አልኩ በመጨረሻ።

ቀና አለ። «ጭንቅማ የወላድ ነው» አለኝ፣
«የዘጠኝ ዓመት ልጅ ምን አርግዞ? እስቲ ንገሪኝ።»

ኦርና ዓይን ዓይኔን ታያለች።
በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ስንቱን ነገር አለስልሻለሁ፤
የአባትን ቁጣ «አመሰግናለሁ»፣
የመምህርን ስላቅ «እንመካከራለን» ብዬ አሳልፌያለሁ።
ያን ቀን አፌ እምቢ አለ። እንዳለ አቀበልኳት፦
«ልጄ ያረገዘው ምንድን ነው ይላል፤ እሱን ንገሩት።»

ብዕሯን አስቀመጠች።
ያች ብዕር ስትቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።
«አላውቅም» አለች። «ትክክለኛው ጥያቄ ግን ይሄው ነው።»

ወረድን።
አቶ ቢያድግልኝ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ ብሎ ገባ፤
ከልጁ ጎን ተቀመጠ። አልነካውም፤ አልገሠጸውም።
ልጁ በዕብራይስጥ ይቆጥራል፦ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፤
አባት በአማርኛ ገባበት፦ አሥራ ስምንት።
ሁለት ቋንቋ ባንድ እግር እየረገጠ
ሠላሳ ደረሰ።

ልጁ ወደ አንድ ሊመለስ ትንፋሽ ሲስብ፣
አባት ግን ቀጠለ፣ ብር እንደሚቆጥር ሰው፣ ሳይቸኩል፦

«ሠላሳ አንድ።»

አቪኤል ዞሮ አየው።
ከሠላሳ በላይ፣ እዚያ ቤት ውስጥ፣ ቁጥር ኖሮ አያውቅም።

እኔ ምንም አልተረጎምኩ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ፤
ወንዙ ጎድሎ ኖሮ በእግራቸው ሲሻገሩ፣ ድልድዩ ዳር ቀረሁ።

ሐሙስም ወረደ። እሑድም ወረደ።
አልዳነም፤ እንዲህ ያለው ነገር ባንድ ሮብ አይድንም።
ግን ኦርና ደብተሯ ላይ፣ ከስሙ ትይዩ፣ በእርሳስ
ቁጥር ታሰፍር ጀመር፦
ሠላሳ አራት። ሠላሳ አንድ። አርባ።

አንድ ቀን ዘጠኝ ብቻ።
ደነገጥኩ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ ብዬ ነበር።
በዘጠኝ ተነስቶ፣
«ኤሊዋን የማበላው ዛሬ እኔ ነኝ» ብሎ
ወደ ክፍሉ ሮጦ ነበር።