የአባፊጣ ልክ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ
ቢሺሼ መንገድ ዳር፣ ከዚች ቆርቆሮ ሥር፣
የለካሁት ሁሉ
መስኮት ነው፣ ደጃፍ ነው፣ የጋሪ እግር፣ አጥር።
ሰው ለክቼ አላውቅም።
ሰው የሚለካማ ልብስ ሰፊ ነው እንጂ፣
ወይም ሣጥን ሠሪ፤
እኔ ምን አገባኝ፣ እኔ ብረት በያጅ።

ባለፈው ክረምት ግን፣ ዝናብ ሲወቅጠን ገና በማለዳ፣
አባፊጣ መጣ፤
ደጁን ሞላውና ጨለመብኝ ጓዳ።
በገዛ እጄ ገጥሜ ልኩን የማውቀው በር
ያን ዕለት ጠባብ ነበር።

«ባጃጅ ገዛሁ» አለኝ።
«መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ነዳጁም ሞልቷል፤
አንድ ነገር ብቻ፣ መግባቱ ቀርቷል።»
ሳቅሁ። እሱም ሳቀ።
ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ የሱስ ሌላ ነው ሳቅ፣
ሰው ሳይስቅበት በፊት ቀድሞ የሚወጣ፣
ከልጅነቱ ጀምሮ የቋጠረው ስንቅ።

ሂርማታ ላይ ልጆች «ኤንትሬ» ነው የሚሉት፤
ሚኒባስ ሲሳፈር የሁለት ሰው ነው የሚያስከፍሉት።
ሁለት ከፍሎም ታዲያ ግማሹ አየር ላይ፣
ጉልበቱ አገጩ ሥር፣ አናቱ ጣሪያ ላይ።
የአክስቱ ቀብር ለት፣ ወደ ሰቃ ሊሄድ፣
ሦስት መኪና አለፈው፤
«ሞልቷል» አሉት፣ ወንበራቸው ባዶ።
በእግሩ ወረደ።
ሲደርስ አፈሩ ላይ ዝናብ ወርዶበታል፣
ሰው ሁሉ ተበትኖ
አንድ ሽማግሌ ብቻ አካፋ ያጥባል።

ይሄን ሲነግረኝ ዓይኔን ወደ ማዶ ጣልኩ።
ማዶ ነስሩ አለ፣ በርጩማ ጠራቢ፤
ዋንዛውን ሳይነካ፣ መሮውን ሳያነሳ፣
«የሚቀመጠው ማነው?» ይላል ገዢን ሁሉ፤
«ከባድ ነው? ቀላል ነው? እግሩስ? ወገቡስ?»
ባጃጅን የሠራት ማንን ነው የጠየቀ?
ምናልባት ከባሕር ማዶ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣
አንድ ሸንቃጣ ገባ፣ ተቀመጠ፣
«በቃ፣ ሰው ማለት ይህ ነው» ብሎ ወጣ።

የብረት ሜትሬ ሥጋ ላይ እምቢ አለ፤ አልታጠፍ፣ አልተኛ።
ከልብስ ሰፊዋ ከሚስኪያ የጨርቁን ተዋስኩ።
ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ሰባ አንድ።
ትከሻ፣ ስልሳ አምስት።
ሆዱ ላይ ስደርስ ትንፋሹን ዋጠ፣
ወደ ውስጥ ሳበው፣ ፊቱ ተለወጠ።
«ልቀቀው» አልኩት፤
«ብረቱ ይሽሽ እንጂ አንተ ለምን ትሸሽ? ተንፍስ።»
ተነፈሰ።
ሜትሩ እጄ ላይ እንደ ክረምት አዌቱ ሞላ፣ ገፋ፣ ሰፋ።
ጻፍኩት፣
አንዲት ጣት ሳልቀንስ።

ዘጠኝ ቀን ቆረጥኩ።
የሹፌሩን ወንበር አሥራ ሁለት ጣት ወደ ኋላ፣
መሪዋን ከፍ፣ ወለሏን ዝቅ፣ ከሥር ሌላ ሞላ።
ከኋላ የሦስቱ ቦታ ለሁለት ብቻ በቃ።
«የአንድ ሰው ሒሳብ ከሰርክ» አልኩት።
«የሁለት ስከፍል ኖሬያለሁ» አለኝ፤ «ያንን ማን ቆጠረ?»

የቦሎው መርማሪ ዞራት፤
ተንበረከከ፣ ከሥር አየ፣ ጻፈ፦ «ከልክ ውጭ»።
«የቷ ናት?» አለ አባፊጣ፤ «እሷ ናት? ወይስ እኔ?»
መርማሪው እስክሪብቶውን ከደነ።
«ሰኞ ኑ» አለ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰኞ አልፏል።
ባጃጇ ግቢዬ ቆማለች፤ ዝናቡም ያው ይወርዳል።
ትናንት ማሽኔን አጥፍቼ ስወጣ
አየሁት፣ መሪዋ ላይ አንድ እጁን ጥሎ፣
እግሩን ዘርግቶ፣ ጉልበቱ ከአገጩ ርቆ፣
አፉ እንደ ሕፃን ተከፍቶ
ተኝቷል።
አልቀሰቀስኩትም።
ሸራውን ብቻ፣ ዝናቡ በሚመጣበት በኩል፣
ትንሽ ሳብ አደረግሁለት።