ቆቅ በሚዛን ላይ

በረዶ ነው ያመጣት፣ ጦሳን ሲደበድብ፣
ቆርቆሯችን ሲጮህ፣ ጎርፉ ደጅ ሲከብብ፤
በሩን ልዘጋ ስል፣ አንዲት ነገር ሾልካ
በእግሮቼ መካከል፣ ሱሪዬን ሳትነካ
ገባች።
ቆቅ ናት።

የሰው ጥላ ስታይ ብርር የምትል ከዱር፣
የንቃት ምሳሌ፣ የአዳኝ ሁሉ አሳር፣
እርጥብ ጨርቅ መስላ፣ ጅራቷን ጎትታ፣
ከጆንያው ሥር ቆመች፣ እንዲያ ተንገላታ።

ቤቴ የእህል ቤት ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመት
ጤፉን፣ ማሽላውን መዝኜ የኖርኩባት።
መሀል ላይ ሚዛኑ፣ ሰንሰለቱ ዝጎ፣
አንዱን ሳህን ሰቅሎ፣ ሌላውን ዝቅ አርጎ፣
ዘንድሮ ሥራ ፈቷል፤ ዲጂታሉ መጥቶ
ይኸው ተቀምጧል፣ አቧራውን ጠጥቶ።

ምን እንደ ታያት እንጃ፣
ብድግ አለች፣ ዘለለች፣
ሳህኑ ላይ ዐረፈች።
እንደ ባቲ ግመል፣ ጭነት እንደሚያዝን፣
ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ በርከክ አለ ሚዛን።

ጥሩወርቅ ከጓዳ፣ «ማነው?» እያለች መጣች፤
አረፋ በእጇ ይዛ፣ አየቻት፣ ዝም አለች።
ወሬ ግን ዝም አይልም፤ በረዶው ሳያባራ
ፈንታው ደረሰብን፣ ሙሄም ከርሱ ጋራ።

«ይመር፣ ሲሳይ መጣ! በእግሯ የገባች ወጥ!
አቦ ቢላ አምጡልን፣ ሳትበር ሳታመልጥ!»
አለ ፈንታው። ሙሄ፣ «የማን ቢላ?» አለው።
«የኔ ነዋ።» «ባንተማ፣ እኔ ምኑን ልቅመሰው?
ቢስሚላህ ይባልባት።» «እንግዲያው እኔስ ልጹም?»
«ይመር ይረድና…» «ጥሩወርቅስ? አትቀምስም!»

በኔ ቤት ይህ ነገር አዲስ አይደለም።
ሁለት ድስት አለን፣
ሁለት ቢላ አለን፣
አንድ ትራስ አለን።
እሷ የሷን፣ እኔ የኔን፣ ስንበላ ኖረናል፤
እየተሳሳቅን፣ ልጆችም ድረናል።

ቆቋ ግን ታያለች። አንዴ ወደ ፈንታው፣
አንዴ ወደ ሙሄ፤ የሁለቱን ጣጣ
እንደ ሽማግሌ አንገቷን አውጥታ።

እኔ ዐይኔ ከመርፌው።
ልማድ ነው፤ እጄ ሄዶ ብረቱን አነሣ፣
ባንደኛው ሳህን ላይ ኪሎውን አስቀምጦ፣
ሩቡን ደረበበት።
ከዚያ አውራ ጣቴ መጣች።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ።
ይህች አውራ ጣት አለች፣ ጥፍሯ የተሰነጠቀ፤
እስከ ዛሬ ሥራዋን ማንም ሰው አላወቀ።
ገበሬ ሲያመጣ፣ ሳህኑን ከታች ደገፍ፣
ሸማች ሲመጣ ደግሞ፣ ጫን ብላ ስታተርፍ…
ጥሩወርቅ አታውቅም። ሙሄም አያውቃትም።
ሰላቷን ትሰግዳለች፣ ግን አትናዘዝም።

ያን ቀን ግን ስትቀርብ፣ ቆቋ ዞራ አየቻት።
ክብ ዐይን፣ ጥቁር ፍሬ። አየቻት። አየቻት።
ጣቴ ተመለሰች፤ ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

ኪሎ ከሩብ ሆነች፤ ያልበዛ፣ ያልጎደለ።
በዕድሜዬ እውነተኛ አንድ ሚዛን ካለ
የዚያች የቆቅ ነው።

ሙግቱ ሳይቋጭ ገና፣ በረዶው አባራ፣
ፀሐይ በደጃፉ ብልጭ አለች ከጋራ።
ቆቋ ተራገፈች፤ ውሃዋን ረጨችን፣
ፈንታውንም ሙሄንም እኩል አዳረሰችን።
ወርዳ በእግሯ ሄደች፣ እንደ ገበያተኛ
ሒሳቧን እንደ ዘጋች፤ ዞራም አላየች ወደኛ።
ከአጥሩ ስትደርስ ብቻ ክንፏ ፈነዳ፣
ብርርር።
ጦሳ ዋጣት።

«እሰይ!» አለች ጥሩወርቅ፣ አረፋዋን እየጠረገች።
ፈንታውና ሙሄ ተያዩ፤ እነሱም ሳቁ።
ሳህኑ ላይ የቀረው ጭቃ፣ ትንሽ ኩስ፣ አንዲት ላባ።
ላባዋን ለብቻዋ መዘንኳት፤
መርፌው ንቅንቅ አላለም።

በነጋታው ማለዳ ዘሀራ ምስር ፈልጋ
መጣች፤ «በዚህኛው» አልኳት፣ አሮጌው ሚዛን ጋ።
ሁለት እጄን ከኋላ አጣምሬ ቆምኩኝ።
ሁለት ኪሎው ሞላ።
«ምነው ይመር፣ በዛ?» አለችኝ፤ ዝም አልኩኝ።
አውራ ጣቴ፣ ከኋላዬ፣
አሳከከችኝ።