ንጉሡ ሠ

ሸዋበር ቁልቁለት፣ ከወፍጮው በስተግራ፣
አንዲት ሱቅ ነበረች ጦሳን የምትፈራ፤
ጉሙ ሲወርድባት ገና በዘጠኝ ሰዓት
በሯን ገርበብ አርገው ኩራዝ የሚያበሩባት።

ባለቤቷ እብሬ፣ ጣቱ በሙጫ የነጣ፣
መጽሐፍ ያከራያል፤
ላንድ አዳር ስሙኒ፣
ከቀደዱ ሦስት እጥፍ፣ ከጠፋ ግን ጣጣ።

መጽሐፉ በሙሉ ካንድ ጣቃ እንደተቀደደ
በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የተለበደ፤
ርእስ የለው፣ ስም የለው፣ ጀርባው ፊቱም ቡኒ፣
ዕጣ ማውጣት ነበር፣ መክፈያው ስሙኒ።

«የቱን ልውሰድ?» ብለው፣ አያነብም፣ አይነግረኝ፤
«እኔን ሙጫ እንጂ ፊደል መቼ ቸገረኝ!»

እንዲሁ በጨበጣ ስንት ጊዜ ተታለልኩ፤
ጀግናው ገጽ ዐሥር ላይ ሞቶ፣ ስሙኒዬን አለቀስኩ፤
አንዴማ የንብ ርባታ መመሪያ ይዤ ገባሁ።
ዝናብ ነው፤ ሌላ የለም።
እሱኑ አነበብኩ።
ንግሥቲቱ ስታረጅ ከልቤ አዘንኩ።

አንድ ክረምት ታዲያ፣ ሐምሌ ይመስለኛል፣
ቦርከና ደፍርሶ፣ ጩኸቱ ከሩቅ ይሰማኛል፣
አንዱን ጨርሼ፣ ልቤ ገና ወደ ቤት ሳይመለስ፣
ጣቴ በጨለማ ባዶዋን ገጽ ሲዳብስ፣
ከጥግ፣ በእርሳስ፣
ጥርሷን ወደ ሰማይ ያረገች ትንሽ ማበጠሪያ፦
ሠ።
ንጉሡ ሠ።

በነጋታው ሄጄ የኋላ ገጽ ብቻ ገለጥኩ፤
ሠ ያለበትን ወስጄ፣ የሌለበትን መለስኩ።
አልሳተችም። አንዴም።

አንዱ ውስጥ አሰብ መንገድ የቀረ የሹፌር ረዳት አለ፣
ያስጻፈውን ደብዳቤ ሳይልክ፣ ከነሸሚዙ እያጠበ የዋለ።
አንዱ ውስጥ ምንም የለም፤ ሁለት ጎረቤቶች ብቻ፣
አጥር ለአጥር ተኳርፈው፣ ሰበቡ የጠፋ ስልቻ።
ያን ሌሊት አልተኛሁም።
እናቴ «ምን ሆነሃል?» ብትል፣ «ብርዱ ነው» አልኳት።

ማን ናት? ሠናይት? ሠርካለም?
ወይስ ግዕዝ ቀምሳ፣ «ሠናይ» ልትል ጀምራ፣
እንደ መንገድ ጠቋሚ በጉም ውስጥ ፊደል ሰቅላ ለኔ የምታበራ?
አራዳ ስወጣ የሰዉን ጣት አያለሁ፤
እርሳስ የነካው ጣት እፈልጋለሁ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ ጠየቅሁት እብሬን።
ሙጫውን አስቀምጦ አስተዋለው ፊቴን።
«ጦይባ ናታ!» አለኝ፣ «የሆጤዋ ልብስ ሰፊ፤
መነጽሯ ወፍራም፣ ምላሷ ለካፊ።
ሁሉ ቡኒ አይደል? ሁለቴ እንዳትከፍልበት
ያስጠላትን ሁሉ ታኖራለች ምልክት።
‹ሠለቸኝ› ማለቷ ነው።»

«በእሳቱ ሰ ነው እኮ!» አልኩት፣ ሌላ ቃል ባጣ፤
«ሂድና አርማት እንግዲህ፣ መቀሷን ካላነሣች በቁጣ።»

ወረድኩ ቁልቁለቱን፣ እየሳቅሁ፣ እያፈርኩ፤
ሦስት ዓመት በጦይባ ማዛጋት ነው ለካ የከበርኩ።
እሷን ያጠበቃት ጨርቅ ለኔ ተለክቶ ኖሮ!
ማን ያውቃል የማን ልክ በማን ክንድ እንደሚቀር ተሰፍሮ?

አንድ ቅዳሜ ሆጤ ሄድኩ፣ ሱሪ ሊያጥርልኝ ብዬ።
ለካችኝ። ምንም አልጠየቅሁም።
ከሲንጀሯ ጎን አንድ ቡኒ መጽሐፍ ተከፍቷል፣
ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች መቀስ ተጋድሞበታል።

ልቤ መታ።
«እትዬ ጦይባ፣ እሱን ሲጨርሱ...»
«ኤዲያ! ማን ሊጨርሰው? ውሰድልኝ ከነኪራዩ» አለች፤
ከሻሿ ሥር
እርሳሷን መዘዘች።