የልየው ቅርንጫፍ

ከወፍጮ ቤት በላይ አንድ ክፍል አለችን፣
ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ዱቄት ያለበሰችን፤
ወለሉ ሲርገበገብ ጣት ቁልፉን ይስታል፣
ሰረዝ ያልነው ሁሉ ነጥብ ሆኖ ይመጣል።

አራት ነን።
አሁን ሦስት። እደርስበታለሁ።

ሥራችን መዝገብ ነው፣ የማዳበሪያ፤
የኩንታል፣ የዕዳ፣ የገበሬ ስም ማኖሪያ።
አንድ ጨርቅ፣ አራት መርፌ፤ አንዱ ሲሰፋው
አንዱ ሳያውቅ ይተረትራል፣ ክሩ እስኪጠፋው።

ጉዱ ሰኔ ላይ ነው። ልየው፣ ሚዛኑን
ሊያስተካክል ብሎ፣ ቅርንጫፉን
ከግንዱ አውጥቶ ሄደ። "ሦስት ቀን" ነበር ያለን፤
አርባ ቀን።
እኛም በግንዱ ላይ ስንጨምር፣ ስንቀንስ፣
የኛ እሱ ጋ ሳይደርስ፣ የሱም እኛ ጋ ሳይደርስ፣
ሊያዋህድ የመጣ ለት ግጭቱ ሦስት መቶ፣
ስክሪኑ እንደ ቡሬ በርበሬ ቀልቶ።

ታች መጋዘኑ በር ገበሬው ተሰልፎ፣
"ስሜ የለም ወይ?" ሲል ደረሰኙን ታቅፎ፣
የቋሪቱ ሰውዬ ደምበጫ ተጽፎ፣
የሟች ስም ላይ ደግሞ ስምንት ኩንታል ተርፎ፤
ዝናቡም አልጠበቀን።

ማግስቱን ተቀመጥን። እንየው ካዲሳባ
ሥልጠና ወስዶ ነው በዋዜማው የገባ፤
ሰሌዳው ፊት ቆሞ አምስት መስመር ሣለ፤
"ይህ ዋናው፣ ይህ ልማት፣ ይህ መልቀቂያ" አለ፣
"ይህ ለአዲስ ሐሳብ፣ ያኛው ለድንገቴ።"
የሺሃረግ ቆጠረች፦ "ኧረ በሞቴ!
አራት ሰው ነን እኮ፤ አምስት መንገድ ሲሆን
በአምስተኛው በኩል የሚሄደው ማን ይሁን?"

"ወንዝ አላየሽም?" አለ፣ "ላህ በራሱ ቦይ፣
ብርም በራሱ ቦይ፣ ኋላ አንድ አይሆኑም ወይ?"
"ይሆናሉ" አለች፣ "ግን ጎርፉን አይተሃል?
ርቆ የሄደ ወንዝ ድንጋይ ይዞ ይመጣል።
አንድ ግንድ ይበቃናል። ጠዋት የወጣ
ቅርንጫፍ፣ ማታውን ወደ ግንዱ ይምጣ፤
ሳያየው ግን ሌላ ዓይን፣ አንድ መስመር አይግባ፤
ስህተት የሚያዘው ሳይወልድ፣ ሳያገባ።"

"ያላለቀውስ?" አልኩ። "ማብሪያ ማጥፊያ አብጂለት፤
ይግባና ይተኛ፣ መብራት ሳይበራበት።"
ይህን እንዳለች መብራት ጠፋ።
ወፍጮው ዝም አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ልየው፣ ከጥጉ፣
"ጥሩ ነው" አለ፣ "ግን አትቆጡኝ፤ ሕጉ
ባይኖርም እንኳ፣ አርባ ቀን ከጎናችሁ ሳለሁ
'የት ደረስክ?' የሚለኝ አንድ ሰው አጣሁ።"

ማናችንም አልመለስንም።

መስከረም ላይ ሄደ፤ ባሕር ዳር፣ ባንክ ቤት።
ቅርንጫፉ ቀረ። ባዲሱ ሥርዓት
የደረቀ ሁሉ አርብ አርብ ይቆረጣል፤
መጥረቢያው በዚያ ሳምንት እኔ ጋ ደርሷል።
ከመቁረጤ በፊት ከፈትኩት። አነበብኩ።
እስከ ምሳ ድረስ ከኛው ጋር አስተያየሁ።
የኛ ሚዛን በኩንታል ግማሽ ኪሎ ይበላል፤
የሱ አይበላም።
የመጨረሻው መልእክቱ "ልክ ነው፤ የሚያየው ካለ" ይላል።

አልቆረጥኩትም። ከዚያ ቀን ወዲህ
ጠዋት አንድ ቁራጭ እወስዳለሁ፣ ጥቂት፤
እፈትናለሁ፤
ማታ ወደ ግንዱ፣ በገዛ ስሙ።
ዛሬ አሥራ አንደኛው ነው።
የሺሃረግ ከፈተችው፣
የጸሐፊውን ስም አየችው፣
ዱቄቱን ከስክሪኗ ላይ በእጅጌዋ ጠርጋ
ደግማ አየችው፤
ምንም ሳትል
አጸደቀችው።