ቁርጥማት

ብሩክስ፣ አልበርታ፣ ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ፣
አሥራ አራት ዓመቴ፣ ብልት ስገነጥል፣ መገጣጠሚያ ስቆርጥ።
በሬው በሰንሰለት እየተንሳፈፈ ከፊቴ ሲደርስ፣
ቢላዬ ያውቀዋል የጉልበቱን መንገድ፤ ሳላይ ነው የማፈርስ።
ነጩ ልም አጥንት ላይ ስለቱ ሲንሸራተት፣
የጥር ሐይቅ ነው እሱ፣ ድንጋይ ያልነካው መስተዋት።
ስንቱን አለያየሁ!
ዛሬ ግን በተራ፣ የራሴን ጉልበት ብርሃን ላይ አየሁ።

ዶክተር ሳንድሁ ፎቶውን ሰቀለች፤
በሁለቱ አጥንቶች መሃል በእስክሪብቶ ጠቁማ፣ «እዚህ ጋ ነበረ» አለች።
ነበረ።
አጥንትና አጥንት ተፋጠው ቀርተዋል፤
ገላጋይ አልነበረ።

«ቁርጤን ንገሪኝ» አልኋት፤ ወንበር ስባ ጠጋ አለች፤
የሻከረ እጄን አየት አድርጋ፣ እንዲህ ጀመረች፦
«በሰው ገላ ውስጥም ቢላ የያዙ አሉ፣
ከዓይን የረቀቁ፣ ኢንዛይም የሚባሉ።
ዚንክ በመሃላቸው፣ እሷ ናት ስለታቸው፤
አፎትም አላቸው፣ በልክ የተሰፋ፣ የሚከለክላቸው።
ያረጀውን ክር ይበጥሳሉ፣ አዲሱ እንዲተከል፤
ጤናም ይኸው ነው፤ ማፍረስና መትከል።
ጉልበት ሲቆጣ ግን፣ ብግነት ሲመጣ፣
ቢላ በዝቶ አፎት አነሰ ማለት ነው፤ ሁሉ መዞ ወጣ።
የቆረጡት ስባሪ ቁጣን መልሶ ይጠራል፤
ቁጣው ቢላ ይስላል፣ ቢላው ስባሪ ይጥላል፤ እንዲህ ይዞራል።»

«ታዲያ ይታሰሩዋ!» አልኋት፣ «ሁሉም በአንድ ላይ!»
ፈገግታዋ ቀረ ከንፈሯ ላይ።
«ተሞክሯል» አለች፣ «ለካንሰር ይሆናል ተብሎ፣ መድኃኒት ተሠርቶ፤
የበሽተኞቹ ትከሻ ደርቆ ቀረ፣ ክንዳቸው እምቢ ብሎ ተገትቶ።»

እጄን ገለበጠችው። አውራ ጣቴ ሥር፣ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ፤
ጀማሪ ሳለሁ፣ ብርድ ጣቴን አደንዝዞት፣ ስለት የጣለብኝ አበሳ።
«ይህን የጠገኑት እነማን መሰሉህ?» አለች ጎንበስ ብላ፤
«እነሱው ናቸው፤ ለአዲሱ ሥጋ መንገድ የጠረጉት፣ በዚያችው ቢላ።»

ወጣሁ። ሩቅ ነው ያቆምሁት መኪናዬ፤
ይንቋቋል በረዶው፣ ይንቋቋል ጉልበቴ፤ የቱ እንደሆነ አልለይ አለ ጆሮዬ።

ማታ ፈረቃ ላይ፣ ሮሜል ከጎኔ ቢላውን ይስላል፤
«ምን አለችህ?» ይላል።
ምን ልበለው?
ብልት አዋቂ ነኝ ባይ፣ የራሱን ሳያውቅ እንደኖረ?
ቁርጥ ስቆርጥ ውዬ፣ ቁርጥማት ቤቴ እንዳደረ?
«መቆም ቀንስ» አለችኝ ብዬው ዝም አልሁ።
ገና አልተነሳም ነበር ሰንሰለቱ፤
ወትሮ ራቁቱን ይዤ ነበር የምጠብቀው፤
ዛሬ ከተትሁት፣ አፎቱ።