ተያዥ

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ክረምት አለፈ፤
የሠላሳ ዓመት ጠመኔ ከጣቴ ረገፈ።
ደብተሬ ግን አለ፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ምንይችል ደላላው ዓይኑን የጣለበት።

ቡሬ መናኸሪያ፣ ጎማ ከሚነፉበት ጥግ፣
ሻይ ያዝልኝና ቅጹን ዘርጋ ያደርግ።
«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው» ይላል በጣቱ እያሳየኝ፤
ሦስት መቶ ብር ነው፣ ከሻዩ ሌላ የሚሰጠኝ።

ቅጹ ይጠይቃል፦
ይህችን ሞግዚት ያውቋታል? አዎ።
ስንት ዓመት? አምስት። (ሰባት ያልሁበትም አለ፣ እንደ ቀኑ ነው።)
ጠባይዋስ? መልካም።
ክስ፣ እስር፣ የሰው ዕንባ? የለም፣ የለም፣ የለም።

ያቺ «አምስት ዓመት የማውቃት» ቆማለች ከጎኔ፤
ስሟን ያነበብሁት ከቅጹ ላይ ነው እኔ።

አሻራ ስጪ ቢሏት መልሱ እስኪመጣ ወር ነው፤
ለነገ ሞግዚት ለምትሻ እናት ወር ማለት ዓመት ነው።
ስለዚህ ወደኔ ይመጣሉ። የኔ እስክሪብቶ ፈጣን ነው።

ለአሥራ አራት ሰው ዋስ ሆንሁ፤ አሥራ አራት በር ከፈትሁ፤
ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ አንዱንም አልጠየቅሁ።
ሕፃን ይሁን ያለበት፣ አልጋ የያዘ ሽማግሌ፣
ያጣራ ከተባለ ፖሊስ አለ፣ ቀበሌ።

ዘንድሮ በሰኔ ውባንቺ ወደቀች፣
ከደረጃው ሥር፣ የጎመን ቅጠል እንደያዘች።
ቀኝ ጎኗ እንቢ አለ። አንደበቷ ተያዘ።
(ተያዥ ለሆነ ባል ምን ያለ ቃል ነው፣ ተያዘ።)

ልጃችን ጥሩዓለም ከባሕር ዳር ደወለች፦
«አባዬ፣ እማን የምታጥብ፣ የምታጎርስ አገኘሁ» አለች።
«ደግሞ ተጣርታለች። ዋስ አላት። ቅጿን ላክሁልህ» አለች።

ስልኬን ወደ መስኮቱ አዞርሁ፤ መነጽሬን ጠረግሁ።
ይታክቱ አዳሙ። ዕድሜ ሃያ ሁለት። ቀኑ የአምና ነው።
ያውቋታል? አዎ። ስንት ዓመት? ሰባት።
ከግርጌው ያቺ ፊርማ፣ ሰማያዊ ጅራት ያላት፣
በተማሪ ደብተር ላይ «ጎበዝ» ብዬ የምጥላት።

ማክሰኞ መጣች። ጫማዋን ደጅ አወለቀች።
አላወቀችኝም፤ ወይ አውቃ ዝም አለች።
እኔም አላወቅኋት፤
ሰባት ዓመት የማውቃትን ልጅ፣ ስምሽ ማነው አልኋት።

«ቀድሞ የት ነበርሽ?» «ሰዎች ቤት።»
«ለምን ወጣሽ?» «ሄዱ።» ወዴት እንደሄዱ
አልነገረችኝም። ምጣድ እንደጣደ ሰው ቸኩላ
ውባንቺን ደግፋ ወደ ጓዳ አስገባቻት፤
በሩን ዘጋችባት።

ብርድ ነው፣ እውነቷን ነው፤ ገላ ለሚታጠብ ይዘጋል።
እኔ ግን ቆሜያለሁ፤ ጆሮዬ ከሳንቃው ተጣብቋል።
ውኃ። የጣሳ ድምፅ። ከዚያ ምንም።
ሚስቴ ቢያማት አትጮህም።

ለማን ልደውል? ለቀበሌ? ለፖሊስ? ለልጄ?
«ተያዡስ ማነው?» ቢሉኝ የሚያርፈው ደረቴ ላይ ነው እጄ።

በሩ ተከፈተ። ፀጉሯ ተበጥሯል፣
ፊቷ ቫዝሊን ጠጥቶ እንደ ድሮው አብርቷል።
ደግ ልጅ ትሆናለች። ምናልባት። ከየት ልወቅ?
ለማወቅ የሚከፈለኝ፣ እንዳላውቅ ነበር እንዳልጠይቅ።

ማታ፣ ልጅቱ ስትተኛ፣
በደህናው በግራ እጇ እስክሪብቶዬን አስያዝኋት፤
«ውቤ፣ እጇ አይከብድሽም? ደግ ናት?» ብዬ አልኋት።
በጡረታ ደብተሬ ጀርባ አንድ መስመር ሳበች፣
ወደ ላይ የወጣች፣ ተጣማ የወረደች።

የስንት ልጅ ጭርጭር ያነበብሁ መምህር፣
እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ፣ በባትሪ፣ ያቺን መስመር
ሳገላብጥ ነበር።