ያልታጠበ ፊልም

ከአሞራ ገደል ወዲህ፣ ከሾላው ዛፍ ሥር፣
እኔና አባ ኮዳ፣ ቆመን በአንድ መስመር፣
እሱ የዓሣ አንጀት፣ እኔ የሰው ምስጢር፣
ውለናል ስንጠብቅ ሳንነጋገር።

«ትርሲት ናት፤ ብቻዋን» ያለኝ ዱካሌ፣ ሁለት መቶ ብር ቆጥሮ ከተተ፣
«ከእኔ አልሰማህም» ብሎ የባጃጁን ማስነሻ ጎተተ።

መጣች።
ዊግ የላት፣ ኩል የላት፤ ጫማዋን አንጠልጥላ፣
ጥብስ ዓሣ ከነዳጣው በጋዜጣ አስጠቅልላ፣
ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።
እሾህ ስትለቅም፣ ጣቷን ስትልስ፣
ድንገት ደግሞ ስታለቅስ፣
አፍንጫዋን በእጅጌዋ ስታብስ፤
ቀጭ፣ ቀጭ።
በልቤ አሰላሁ፦ ይህች እንባ ሳትደርቅ ከተሸጠች
የሁለት ወር የቤት ኪራይ አወጣች።

ዞረች።
አልጮኸችም፤ ድንጋይም አላነሣች።
«ጋሽ ላሚሶ» አለች።
ስሜን!
«እዚችው ዛፍ ሥር እኔንና እማዬን አንሥተህ፣
አምስት ብር ቀብድ ተቀብለህ፣
‹ቅዳሜ ኑ› አልከን።
ሦስት ቅዳሜ መጣን።
ሌላ ፎቶ አልነበራትም።
ስትሞት ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ነው ያሳደግነው፤
ማኅተሙ ጉንጯ ላይ እንዳለ ነው።»

እሷን አላስታወስኳትም።
ቀብዱን ግን አስታወስኩ፤ ያኔውኑ በአረቄ አልቋል፤
ፊልሙም ከአልጋዬ ሥር፣ በወተት ቆርቆሮ፣
ከብዙ ሰው ፊት ጋር፣ ሳይታጠብ ተቀምጧል።

የዓሣውን ራስ ለአባ ኮዳ ወረወረችለት።
እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤
ጫማዋን አጠለቀች፤
«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች።